ልጄንና ዘነዘናውን እንድመልስ ለፈረዱት ሰብሳቢ

«ጉዳዩ የቤተሰብ ስለሆነ ሲፋን ወደ ባሏ ቤት ትመለስ። በማስረጃነት የቀረበው ዘነዘናም የቤቱ ዕቃ በመሆኑ ከእሷ ጋር ይመለስ።»

ለተከበሩ ጋሼ ኦላና፣
የሰፈራችን የእርቅ ኮሚቴ ሰብሳቢ፣
መቱ

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ፣ በተለይም የክንድዎ አጥንት፣ እንዴት እንደሆነ በአክብሮት እጠይቃለሁ። የልጄ ክንድ ከክርኗ በታች ተሰብሮ በጀሶ ታስሯል፤ ከዚህ በቀር ቤተሰቤ ደኅና ነው። ከላይ የገለበጥኩት ውሳኔ በእርስዎ ፊርማ የወጣ ሲሆን፣ ሚስትንና ዘነዘናን እኩል አድርጎ የሚያይ ፍርድ ከዩኒቨርሲቲ ተማሪነቴ ጀምሮ እስከ ዛሬ አንብቤ ስለማላውቅ፣ የከተማው ሕዝብም እንዲማርበት በግልጽ መጻፍን መረጥኩ።

የሆነውን ላስታውስዎ። ሲፋን አስተማሪ ናት። አማቷ እትዬ ተስፋነሽ፣ ወደ ያዮ ሄዳ ቡና እንድትለቅም ሲያዟት «ተማሪዎቼን ልፈትንና እመጣለሁ» አለች። ለዚህ ድፍረቷ አማቷ ጸጉሯን በእጃቸው ጠምጥመው ወለሉ ላይ ጣሏት፤ ዋርሳዋ፣ የባሏ ወንድም ኩመራ፣ በቡና ዘነዘና መጀመሪያ ክንዷን፣ ከዚያ ጎኗን፣ ከዚያ አፏን መታት። ባሏ ሂካ በሩን ቀርቅሮ ቆመ። መምታቱን ያቆመው ጎረቤቷ ባለሱቋ ጠይባ በሩን በድንጋይ መደብደብ ስትጀምር ነው፤ ልጄም ባልተሰበረው እጇ ዘነዘናውን ይዛ ወጣች።

አሁን ወደ ምስጋናዬ ልግባ።

1ኛ. አፏ አብጦ መናገር ያቃታትን ልጅ ፊትዎ አስቀምጠው «ኦብሲ፣ ልጄ፣ ታገሺ፤ አማት ማለት እናት ናት» ስላሏት አመሰግናለሁ። ወላጅ እናቷ አንድም ጥርሷን ሳታወልቅ ስላሳደገቻት፣ እናትነትን እንደ አዲስ ልትማር ነው።

2ኛ. «ሂካ እኮ እጁን አላነሳባትም» ብለው ባልየውን ስላመሰገኑት አመሰግናለሁ። እውነት ነው፤ እጁ መቀርቀሪያው ላይ ነበር።

3ኛ. ጠይባ ልትመሰክር ስትመጣ «አንቺ ሱቅሽን ጠብቂ፣ የሰው ቤት ምን አገባሽ?» ብለው መልሰዋታል። ያ ድንጋይዋ ባይኖር ኖሮ የሚሰበሰበው ኮሚቴ ሳይሆን ለቀስተኛ ነበር።

4ኛ. ከሁሉ የሚበልጠው ግን ሲፋንን «የቤቱን ዕቃ ማንን አስፈቅደሽ ይዘሽ ወጣሽ?» ብለው መጠየቅዎ ነው። በዚያ ስብሰባ እስከ መጨረሻው የተመረመረው ጥያቄ ይኸው ብቻ ነው። ኩመራን «ለምን መታሃት?» ያለው አልነበረም። እትዬ ተስፋነሽ ግን «ቡና የምንወቅጠው ከጎረቤት እየተዋስን ነው» ብለው ሲያለቅሱ፣ የኮሚቴው አባላት ራሳቸውን በሐዘን ሲነቀንቁ በዓይኔ አይቻለሁ።

ከዚህ በኋላ ያለውን ያለ ምስጋና እጽፋለሁ። ልጄ እዚያ ቤት ከተመለሰች ይገድሏታል። ኩመራ «ትመለስ እንጂ፣ የቀረውን እናስተምራታለን» ያለው እርስዎ ፊት ነው፤ እርስዎም ሳቁ። ስለዚህ «ሲፋን ከተመለሰች በኋላ አንድ አጥንቷ ቢሰበር እኔ እጠየቃለሁ» ብለው በገዛ እጅዎ ጽፈው፣ ፈርመውና የኮሚቴውን ማኅተም አሳርፈው እስከ ኅዳር 25 ቀን 2012 ዓ.ም. እንዲልኩልኝ እጠይቃለሁ። በቃል የሚላክ መልስ አልቀበልም። ቢጽፉም ባይጽፉም ልጄ ከቤቴ አትወጣም፤ ዘነዘናውንም ለዐቃቤ ሕግ አስረክቤዋለሁ። ጽሑፉን የፈለግሁት ፍርድዎን እርስዎ ራስዎ ያምኑበት እንደሆነ ለማወቅ ብቻ ነው።

ሁለት ጤነኛ ክንዶች እያሉኝ ፍርድዎን መሸከም ያቃተኝ፣
ጭምዴሳ ዶሪ
የሲፋን አባት

ማስታወሻ፦ ልጅዎን ኢብሴን የጎሬ ሰዎች ሽማግሌ ልከው እንደጠየቋት ሰማሁ፤ እንኳን ደስ ያለዎት። የልጁን ዘርና ሀብት ከማጣራትዎ በፊት ወንድም እንዳለው፣ በቤታቸውም ዘነዘና እንዳለ ይጠይቁ። ከሌላቸው አይጨነቁ፤ በውሳኔዎ መሠረት ከሙሽራዋ ጋር አብረው መላክ ይችላሉ።