የባለ ጥላው ሄልሜት ብሎኖች

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 16 ቀን
ከምሳ በኋላ፣ ከጋራዡ

የኔ እናት፣ ልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ባለቤትሽስ እንዴት ነው? እኛ ደህና ነን ብዬ እንዳልጀምር አንቺም አታምኚኝም፣ እኔም ማስመሰሉ ደክሞኛል። ደብዳቤሽ ሰኞ ደርሶናል። አንብቤለት ስጨርስ ወንድምሽ "ድገመው" አለኝ። ሦስት ጊዜ አነበብኩለት።

ጥያቄሽ ቤቱን ቀውጦታል። ከሦስት ሳምንት በኋላ ከባለቤትሽ ጋር በሞተር ረጅም መንገድ ልትወጪ ነው፤ ሁለት ሄልሜት መርጠሻል፤ አንዱ ልሙጥ ነው፣ ሌላው ግንባሩ ላይ እንደ ኮፍያ ጥላ ወጥቶለታል፤ ባለ ጥላው ዓይንሽን ስቦታል፣ ግን ለረጅም አስፋልት ይሆናል ወይ? ነገሩ ይኸው ነው። ፎቶዎቹን ፊቱ ላይ ያዝኩለት። ባለ ጥላው ላይ ሲደርስ ዓይኑን ሳይነቅል ቆየ። የራሱም ያው ዓይነት እንደነበር ታስታውሻለሽ።

በስልክ እንዳልነግርሽ ስልኩ ሁልጊዜ ድምፁ ተለቆ እሱ ጆሮ ሥር ነው የሚቀመጠው። ስለዚህ ጋራዥ ወርጄ የሥራ ጠረጴዛዬ ላይ ነው የምጽፍልሽ። ከዚህ ደብዳቤ ግማሹ የእሱ ምክር ነው። ግማሹ እናትሽም ሆነች ማንም የማያውቀው የእኔ ጉድ ነው። ሄልሜት ከመግዛትሽ በፊት እሱን መስማት አለብሽ፤ ብቻሽን ሆነሽ አንብቢው። ለመጀመር ግን ድፍረቱ ስለሌለኝ የእሱን ላስቀድም።

ሦስት ቀን ሙሉ አስጻፈኝ። "ጻፍ" ይለኛል እንደ አለቃ፣ ዓይኑን ጣሪያው ላይ ተክሎ። እኔም ወረቀቱን ጉልበቴ ላይ አድርጌ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጬ እጽፋለሁ። በመሀል በየሁለት ሰዓቱ እገለብጠዋለሁ፣ ውሃውን በቀጭኗ ቱቦ አጠጣዋለሁ፣ ከዚያ ካቆምንበት እንቀጥላለን።

"መጀመሪያ ጥላውን ትታ ስለ ጭንቅላቷ ታስብ በላት" አለ። "የእሷ ጭንቅላት እንደ አንተ ከፊት ወደ ኋላ ረዘም ያለ ነው። ክብ ጭንቅላት ላለው ሰው የተሠራውን ካጠለቀች ግንባሯን እያመማት ነው የምትውለው። ሱቁ ውስጥ ግማሽ ሰዓት አድርጋው ትቀመጥ። ሻጩ ፊቱን ቢያጠቁርባትም አትነሣ።" ሄልሜቱ ጉንጭና ጉንጭሽን ጭምቅ ማድረግ አለበት፣ ትልቋ አክስታችሁ ስትስምሽ እንደምታደርገው። ጭንቅላትሽን ስትነቀንቂ ሄልሜቱ ለብቻው ከተንሸራተተ ሰፍቶሻል ማለት ነው፤ የፊትሽ ቆዳ አብሮት መሄድ አለበት። ቀለል የሚለውን ያዢ። የጆሮ መድፈኛ አትርሺ፣ ባለ ጥላ ሄልሜት ይጮሃል።

ስለ ጥላው ደግሞ እንዲህ ብሏል። ፀሐይ ዝቅ ብላ ዓይን ዓይንሽን ስትወጋሽ አገጭሽን ትንሽ ደፋ ታደርጊና ትገላገያለሽ፤ ለዚህ ብቻ እንኳ እሱ ይወደዋል። በሰፊውና በፈጣኑ መንገድ ላይ ግን ነፋሱ ከሥሩ ገብቶ ወደ ላይ ያነሣዋል። ኋላሽን ለማየት ስትዞሪ ደግሞ ይዞ ይጠመዝዝሻል። ቀኑን ሙሉ አንድ ሰው ከኋላሽ ተቀምጦ ኮፍያሽን ሲጎትት የዋለ ያህል ነው፤ ማታ አንገትሽ እንጨት ይሆናል። ስለዚህ ነፋስ ማሳለፊያ ያለውንና ጥላው በቀላሉ የሚወልቀውን ግዢ፤ አስፋልት በሚበዛበት ቀን ፈትተሽ ሻንጣ ውስጥ ክተቺው፣ ገጠር ገጠሩን ስትሄዱ መልሰሽ ግጠሚው።

ይህን ብሎ ሲያበቃ "ስለ አንገት እኔ ሳለሁ ሌላ ባለሙያ ማን ይጠየቃል?" አለና ሳቀ። እናትሽ ምግብ ይዛ ስትገባ ሲስቅ ሰምታው ደስ ብሏት አለቀሰች። በምን እንደሚስቅ አልነገርናትም።

ሐሙስ ዕለት "ሄልሜቴን አምጣልኝ፣ የነፋስ ማሳለፊያው የት የት እንደሆነ ላሳይህና በደንብ ጻፍላት" አለኝ።

"ጥዬዋለሁ" አልኩት።

"አንተ? አንተ የጣልከው ዕቃ አለ እንዴ?"

ሄልሜቱ አሁን ይኸው ፊቴ ነው። ሁለት ዓመት በአሮጌ ቱታዬ ተጠቅልሎ ከመደርደሪያው ሥር ነበር።

እንግዲህ ወደ እኔ ጉድ ልምጣ።

ጠባዬን ታውቂዋለሽ። ደንበኞቼ "አባ ጥብቅ" የሚሉኝ በከንቱ አይደለም። የሚንቀጫቀጭ ነገር ከሰማሁ ምግብ አይወርድልኝም። እኔ ባጠበቅሁት ላይ ሰው እጁን ሲያስገባ ደግሞ ደሜ ይፈላል። ወንድምሽ ተማሪ እያለ እኔ ያሠርኩለትን የብስክሌት ጎማ መልሶ ስላላላው ዘጠኝ ቀን እንዳኮረፍኩት ትዝ ይልሻል? አንድ ገበታ ላይ ተቀምጠን "አባዬ ጨው ያቀብለኝ በይልኝ" ይልሽ ነበር፣ እኔም "ራሱ ያንሣ በይው" እልሽ ነበር። ስንት ጊዜ በዚያ ስቀናል። አሁን አያስቀኝም።

ወንድምሽ ከሁለት ዓመት በፊት ያን የመጨረሻ ጉዞውን ሊወጣ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ምሳ ላይ፣ ፍጥነት ሲጨምር ጥላው ትንሽ እንደሚንቀጠቀጥ ነገረን። ለወሬ ያህል ነው ያነሣው፤ አስተካክልልኝ አላለኝም። እሱ ዕቃ ሊገዛ ሲወጣ ሄልሜቱን ይዤ እዚህ ወረድኩ። ጥላውን የያዙት ሦስት የፕላስቲክ ብሎኖች ናቸው፣ የሸሚዝ ቁልፍ የመሰሉ። አየኋቸውና ሳቅሁ። "ይህንንም ብሎን ብለውት!" አልኩ ለራሴ። አውጥቼ ጣልኳቸው። ልካቸውን የብረት ብሎን ቆርጬ፣ ጫፉን ሞርጄ፣ ከሥሩ የብረት ቀለበት፣ ሮንዴላ፣ አስገብቼ አጠበቅሁት። ያ አልበቃ ብሎኝ የብሎን ማጣበቂያም ጠብ ጠብ አደረግሁበት። በእጄ ይዤ ስወዘውዘው ጥላውና ሄልሜቱ አንድ አካል ሆነዋል። እንዴት ደስ እንዳለኝ! ለእሱ ምንም አልነገርኩትም። ሥራዬ ራሱ ይናገራል ብዬ ነው።

የቀረውን ታውቂዋለሽ፣ ወይም የምታውቂ ይመስልሻል። ከመኪና የተደፋ አሸዋ ነው ኩርባው ላይ አንሸራትቶ የጣለው። ፍጥነቱም ይህን ያህል አልነበረም። ሞተሩ አንድ መስታወት ተሰብሮና አንድ እጀታ ጎብጦ ነው ቤት የገባው። ሐኪሙም "ጭንቅላቱን ሄልሜቱ አትርፎታል፣ የተጎዳው አንገቱ ነው" አለን። እናትሽ ከዚያን ቀን ጀምሮ አሸዋውን የደፋውን ሹፌር ትረግማለች። ስትረግም እኔ አሜን እላለሁ።

ሰባት ወር ያህል ካለፈ በኋላ ለመድኃኒቶቹ መያዣ ብዬ የሄልሜቱን ካርቶን ከቁም ሳጥን አወረድኩ። ውስጡ ያልተገለጠ ትንሽ የአጠቃቀም መመሪያ ነበር። እኔ ወረቀት አላነብም፤ ወረቀት እያየ የሚሠራ መካኒክ ሥራ የማያውቅ ነው እያልኩ ስቀልድ ኖሬያለሁ። ያን ቀን ግን ገለጥኩት። የጥላው ሥዕል አለ፣ ከሥሩ በደቃቅ ፊደል ተጽፏል፦ ብሎኖቹ ሆን ተብሎ ደካማ ሆነው ነው የተሠሩት፤ ነጂው ሲወድቅ ተሰብረው ጥላው እንዲላቀቅና አንገቱን ይዞ እንዳይጠመዝዝ ነው፤ በምንም ዓይነት በብረት አይተኩ።

ቆሜ አነበብኩት። ወርጄ ቱታውን ፈታሁት። ጥላው አለ። አንድ ጠርዙ መሬት ላይ ተፍቆ መዳፍ የሚያህል ተበልቷል እንጂ ከቦታው ንቅንቅ አላለም። መስታወቱ ሲሰበር፣ እጀታው ሲጎብጥ የእኔ ሥራ ጸንቶ ቆሟል።

ምናልባት ብሎኑ ፕላስቲክም ቢሆን ያው ይደርስ ነበር ትዪኝ ይሆናል። እኔም ለራሴ ብዬው ነበር። አላጽናናኝም። ሐኪሙን ልጠይቀው ሁለት ጊዜ በሩ ድረስ ሄጄ ተመልሻለሁ፤ አዎ ቢለኝ ምን ልሆን ነው?

ልጄ፣ ተስፋ ቆርጫለሁ። ላንቺ መደበቁ ምን ይጠቅማል። የጀርባው ቁስል እንደገና ተከፍቷል። ክብደቱ ቀንሶ አሁን ብቻዬን ነው የማነሣው፣ በመጀመሪያው ሰሞን ለሁለት ነበር የምናነሣው። በየቀኑ ጣቶቹን አንድ በአንድ እዘረጋለሁ፣ እሱ አያውቀውም። ደንበኛ ሲመጣ ብሎን ላጠብቅ ቁልፉን እይዝና እጄ ይቆምብኛል። "አባ ጥብቅ ላላ" እያሉ ይስቁብኛል። እኔም አብሬ እስቃለሁ። የገዛ እጄን ማየት አስጠልቶኛል። ይቅርታ ልለው ስንት ቀን አፌን ከፍቼ "ውሃ ልስጥህ?" ብዬ ዘግቼዋለሁ። ለእናትሽማ በምን አፌ?

እዚህ ድረስ ጽፌ ተነሣሁ፤ የሚገለበጥበት ሰዓት ደርሶ ነበር። አሁን ተመልሼ መጥቼ ነው የምጽፈው። የሆነውን ልንገርሽ።

ግራ እጄን በትከሻው፣ ቀኝ እጄን በወገቡ ሥር አስገብቼ ሳለ "ጨረስክላት?" አለኝ።

"ትንሽ ቀርቶኛል።"

"የብሎኖቹን ነገር ጻፍክ?"

"የምን ብሎን?"

"የጥላውን። ፕላስቲክ መሆን አለባቸው። ይህን ካልጻፍክላት ሌላው ሁሉ ዋጋ የለውም።"

በእጄ እንደያዝኩት ቀረሁ። ላስተኛው አልቻልኩም፣ ልለቀውም አልቻልኩም።

"አይቼዋለሁ እኮ፣ አባዬ" አለ። "በመጀመሪያው ቀን። ነዳጅ ልቀዳ ቆሜ ሄልሜቱን ወንበሩ ላይ ሳስቀምጠው ብረቱ ሲያብለጨልጭ አየሁት። ማን እንደሠራው ለማወቅ ጊዜ አልወሰደብኝም።"

"ታዲያ ለምን አልቀየርከውም?" አልኩት።

"መለዋወጫ ፕላስቲኮች ቦርሳዬ ውስጥ ነበሩ። መፍቻም ነበረኝ። ማጣበቂያውን አሙቄ ባወጣው ግማሽ ሰዓት አይፈጅም ነበር።" ትንሽ አረፈ፤ ብዙ ሲናገር ትንፋሽ ያጥረዋል። "ግን ተመልሼ ስመጣ መቀየሩን ታያለህ ብዬ አሰብኩ። ዘጠኙ ቀን ትዝ አለኝ። አሁን ማን ኩርፊያ ይችላል አልኩና ተውኩት።"

ሳቀ። የአሁኑ ሳቁ ድምፅ የለውም፣ ትንፋሽ ብቻ ነው።

ሁለት ዓመት ሙሉ ያውቅ ነበር ማለት ነው። ሳጥበው፣ ሳጎርሰው፣ ሹፌሩ ሲረገም አሜን ስል ሁሉ ያውቅ ነበር። ዝም ያለው ለእኔ አዝኖ ይሁን ተቀይሞኝ አላውቅም፤ መጠየቅም አልቻልኩም። ይቅር በለኝ ልል አፌን ስከፍት ቀደመኝ።

"አባዬ፣ ጆሮዬ ታጥፎብኛል መሰለኝ፣ አቃናልኝ" አለ።

አቃናሁለት። ከዚያ እዚህ ወረድኩ።

እንግዲህ ጥያቄሽን ልመልስ። ወንድምሽ ባለ ጥላውን ግዢ ብሏል፤ የእሱን ምክር ተቀበዪ፣ መንገድ የሚያውቀው እሱ ነው። ብሎኖቹ ፕላስቲክ ይሁኑ። ጥላው ትንሽ ቢንቀጠቀጥ ተዪው ይንቀጥቀጥ። ባለቤትሽ ደግ ሰው ነው፣ እጁም ሥራ ይወዳል፤ አንድ ቀን ካንቺ ተደብቆ አንድ ነገር ሊያስተካክልልሽ ይችላል። ያልወደድሽው ከሆነ እዚያው ፊቱ ፍቺው። ቢያኮርፍ ያኩርፍ። ዘጠኝ ቀንም ቢሆን ያኩርፍ፣ አንቺ በደህና ተመልሰሽ ግቢ እንጂ።

በወጣሽበት እግርሽ ግቢ። አንገትሽን ቀና አድርገሽ፣ ግራና ቀኙን እያየሽ የምትሄጂበት መንገድ ይስጥሽ። ከቻልሽ ለወንድምሽ ከየደረሳችሁበት ፎቶ ላኪለት፣ እኔ ፊቱ ላይ እይዝለታለሁ።

የሚወድሽ አባትሽ

ይህን ጽፌ ከጨረስኩ በኋላ ሦስቱን የብረት ብሎኖች ልፈታቸው ሞከርኩ። አንደኛው አናቱ ተላጠብኝ፣ ሁለቱ ንቅንቅም አላሉ።