ካሜራው የቆጠራቸው

ሚያዝያ 6 ቀን 2002 ዓ.ም.፣ አምቦ

በፎቶ ቤቴ ውስጥ ፊት የመፈለግ ሥልጣን ከዛሬ ጀምሮ ከእኔ መነሣቱን ለራሴ በታላቅ ሐዘን አስታውቃለሁ። የቀማኝ አዲሱ ዲጂታል ካሜራ ነው። አሮጌው ብርሃኑን ተቀብሎ ዝም ይል ነበር፤ ማሰቡ የእኔ ፋንታ ነበር። ይኼኛው ብርሃኑን እየተቀበለ ያስባል። ገና ሳልጫነው የሰው ፊት ፈልጎ በቢጫ ሳጥን ይከበዋል።

ከሰዓት በኋላ ለቤተሰብ ፎቶ ሦስት ሰዎች ከጎጆ ከተማ መጡ፤ አዴ ጫልቱና ሁለት ሴት ልጆቻቸው። አዴ ጫልቱ የሟች ባላቸውን የኦቦ ደገፋን ጉርድ ፎቶ በፍሬም ታቅፈዋል።

«እማዬ፣ ወረቀት አብሮ ይነሣል እንዴ?» አለች ታላቋ፣ አፍራ።

«በሕይወቱ አንድ ቀን አብሮን አልተነሣም። ዛሬ ይነሣ» አሉ።

ምላሴ መች ያርፋል፤ «ይኼ ማሽን እኮ የሚያውቀው በሕይወት ያለ ሰው ብቻ ነው» አልኩ።

አነጣጠርኩ። አራት ሳጥን ወጣ። አራተኛው ፍሬሙ ላይ፣ የኦቦ ደገፋ ፊት ላይ ነው። ሳልጫን ቀና አልኩ። ያየሁትን ነገርኳቸው።

አዴ ጫልቱ ፍሬሙን ጠበቅ አድርገው፣ «እንግዲያ ቶሎ አንሣን ልጄ፤ እሱ አንድ ቦታ መቀመጥ አይወድም» አሉ።

ማረሚያ፦ ከላይ «ሦስት ሰዎች ከጎጆ ከተማ መጡ» ተብሎ የተመዘገበው ስሕተት ስለሆነ፣ «አራት» ተብሎ ይነበብ።