የደበቅኩት ምርቃት

ውድ እህቴ እታለማሁ፣

እንደምን ከርመሻል? የሐዋሳ ሙቀት እንዴት ያደርግሻል፣ ወገብሽስ ተሻለሽ? ባለቤትሽና ልጆቹስ ደህና ናቸው? እኔ ከእንጅባራ ብርድ በቀር ጤናዬ ደህና ነው። ልቤ ግን ደህና አይደለም፤ ለማን እንደምናገረው ቸግሮኝ ላንቺ ጻፍኩት።

ባለፈው ዓመት የተቀጠረችውን ነርስ፣ ሚልካን፣ ነግሬሻለሁ። ብዙ ቁስለኛ ባንዴ ሲመጣ እንዴት እንደሚስተናገድ ባሕር ዳር ሥልጠና ሲዘጋጅ፣ አሥራ ሁለት ዓመት ድንገተኛ ክፍል የቆምኩት እኔ ቀርቼ እሷ ተላከች። ስትመለስ ቢጫ ሰደርያ አልብሰው አስተባባሪ አደረጓት። ተቃጠልኩ፣ እታለሜ። ሰደርያው ስላማረባት እንኳ በሸቅኩ።

ጥቅምት መጨረሻ ላይ ጥሊሊ አካባቢ ገበያተኛ የጫነ መኪና ተገለበጠና ሃያ ሰባት ሰው ግቢያችንን ሞላው። ሚልካ በር ላይ ቆማ ሪባን አደለችን፤ ቀይ ፈጥኖ መታከም ላለበት፣ ቢጫ መቆየት ለሚችል፣ አረንጓዴ ቀላል ለተጎዳ። አዊኛ የምችለው እኔ ነኝና ከአዘና ገጠር የመጡትን እማማ ካሳነሽን እኔ አየኋቸው። እንዴት ነዎት ብላቸው ብድግ ብለው ተነሡና ደህና ነኝ፣ ፈጣሪ ይመስገን አሉኝ። አረንጓዴ አሰርኩላቸው። የኛ ሰው እየሞተም ቢሆን ለሰላምታ ደህና ነኝ እንደሚል፣ ለጠያቂ እንደሚነሣ፣ እኔ የአገሩ ልጅ እንዴት ጠፋኝ? አንድ ቃል አዊኛ የማታውቀው ሚልካ እጃቸውን ብትይዝ ቀዝቅዟል። ሆዳቸውን ዳሰስ አደረገችና አረንጓዴውን ፈትታ ቀይ አሰረች። ጣፊያቸው እየደማ ኖሮ ወዲያው ቀዶ ጥገና ገቡ፤ ተረፉ።

ከአደጋው በኋላ ሥራችን ሲገመገም አረንጓዴውን ማን አሰረ ተብሎ ሲጠየቅ ሚልካ ግርግር ነበር ብላ አለፈችው። ደግነቷም አስቀናኝ።

በአራተኛው ቀን እማማ ካሳነሽ የሚልካን እጅ ይዘው በአዊኛ መረቋት። ሚልካ ምን አሉ ብላ ወደ እኔ ዞረች። ከንፈሬ ደረቀ አሉሽ አልኳት። አፌ እንዴት እሺ እንዳለኝ አላውቅም። ሮጣ ጥጥ አርሳ ከንፈራቸውን አራሰችላቸው፤ እሳቸውም ግራ ገባቸው። ከዚያ ወዲያ እንቅልፍ አጣሁ።

ትናንት ከሆስፒታል ሊወጡ ሲሉ አጠገባቸው ቁጭ ብዬ አረንጓዴውን ማን እንዳሰረ፣ ምርቃታቸውን ማን እንደደበቀ ነገርኳቸው። ከዚያ ሚልካን አስጠርተው እንደገና መረቁ፣ እኔንም በደንብ አድርሺላት አሉኝ። ዕድሜሽ ይርዘም፣ እጅሽ ይባረክ፣ የወለድሽው ይባረክልሽ፤ አንዷንም ሳልቆርጥ አደረስኩ። ሚልካ አለቀሰች። እኔን አልመረቁኝም።

ለእንዳልካቸው ሰላምታዬን አድርሺልኝ፤ ባምላክን በሁለቱም ጉንጩ ሳሚልኝ፣ ትንሿን ማርታንም እንዲሁ። አንቺ ደግሞ ታላቄ ነሽና መልስ ስትጽፊ አንዲት ምርቃት ጣል አድርጊልኝ።

ታናሽሽ ትዕግስት
እንጅባራ፣ ኅዳር 12 ቀን 2017 ዓ.ም.