የቁመትህ ልክ

ውድ ወንድሜ ይትባረክ፣

እንደምን ሰንብተሃል? ጨጓራህ ተሻለህ ወይስ አሁንም በርበሬ እየከለከለህ ነው? ባለቤትህ አስካለ እንዴት ናት? ልጆቹስ? ቤቱ፣ ደጁ፣ ጎረቤቱ ሁሉ ደህና ነው? እኔ ደረጃ ስወጣ ጉልበቴ ከማጉረምረሙ በቀር፣ ፈጣሪ ይመስገን፣ ደህና ነኝ።

ደብዳቤህ በመስከረም ደረሰኝ። እናታችን ከተቀበረች ወዲህ፣ በዐሥራ ስምንት ዓመት ውስጥ የመጀመሪያው ነው። ቀን አልጻፍህበትም፤ ከራስጌ እስከ ግርጌም አንዲት አራት ነጥብ የለችበትም። የኔታ ቢያዩት ጆሮህን ይዘው ያስደግሙህ ነበር። «እህት እንዳለኝ ረስቼ ነበር» የምትለዋን ግን ማረም አልቻልሁም። ለቀብሩ አልመጣሁም፤ ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ምክንያት አልደረድርልህም። መልስ ልጽፍ እየተቀመጥሁ፣ ቀለሙ ብዕሩ ላይ እየደረቀ፣ ሁለት ወር አለፈ።

ባለቤቴ ሽሪሽ ካረፈ ሦስት ዓመት ሆነው። አሁን የምኖረው ከእህቱ ከላቦንያ ጋር ነው። መጀመሪያ ወደዚህ፣ ወደ ሽሪሽ አገር፣ ስመጣ ጣፋጭ የልጅ፣ ዘፈን ደግሞ የአዝማሪ ነው ብዬ አፌንም ጆሮዬንም ዘግቼ ነበር፤ አስተዳደጋችንን ታውቀዋለህ። ላቦንያ ደግሞ ሾንዴሽ የሚሉትን ጣፋጭ ለመሥራት የተቆረጠውን ወተት በስኳር ስታማስል ካልዘፈነች አይሆንላትም። አጭር ዘፈን ከዘፈነች ይላላባታል፤ ረጅሙን ከዘፈነች ይደርቅባታል። ሰዓቷ ዘፈኗ ነው። አንድ ቀን ስለ ጀልባ ቀዛፊው ስትዘፍን ሳላስበው አብሬያት አንጎራጎርሁ። ማማሰያዋን አቁማ «በይ እንጂ፣ የወንድሜ ሚስት! ጉሮሮሽ የእንጨት መስሎኝ» አለችና ትኩሱን መዳፌ ላይ አኖረችልኝ። አልጣመኝም ብል እዋሻለሁ። ከዚያ በኋላ ዘፈኖቹን በደብተር እየጻፍሁ አጠናሁ፤ ዛሬ ላቦንያና ጎረቤቶቿ ቃል ሲስቱ የማርማቸው እኔ ነኝ።

ከትናንት በስቲያ፣ በቁስቋም ዕለት፣ እዚህ እህቶች ለወንድሞቻቸው ዕድሜ የሚለምኑበት ቀን ነበር። እህት እህል ሳትቀምስ ትቆይና በወንድሟ ግንባር ላይ የሰንደል እንጨት ቅባት ነጥብ ታኖራለች፤ ከዚያ ጣፋጭ ታጎርሰዋለች። ወንድም ሩቅ ከሆነ ነጥቡ ግድግዳ ላይ ይደረጋል። የእኔ ሥርዓት አይደለም እያልሁ አርባ ዓመት ዳር ቆሜ አይቼዋለሁ። ዘንድሮ ላቦንያ በውኃ የተፈተገውን ሰንደል ፊቴ አስቀመጠች። «የኔ ወንድም ሞቷል፤ ለሞተ ሰው ግድግዳም የለው። አንቺ በሕይወት ያለ ወንድም ይዘሽ ስለ አራት ነጥብ ትነጫነጫለሽ?» አለችኝ።

ተነሣሁ። በቀኝ አውራ ጣቴ ስጠቅስ እጄን ያዘችኝ። «በግራ እጅሽ፣ በትንሿ ጣት ነው እንጂ። ይህን ሁሉ ተምረሽ በአውራ ጣት ልትፈርሚ ነው?» ብላ ሳቀችብኝ። ጣቴን ለውጬ ወደ ግድግዳው ስጠጋ ደግሞ «ቁመቱ ምን ያህል ነው?» አለችኝ።

እጄ አየር ላይ ቀረ። ይትባረክ፣ አላወቅሁም። ሽሪሽን ተከትዬ ከደሴ ስወጣ የዐሥር ዓመት ልጅ ነበርህ፤ ግንባርህ ደረቴ ላይ ይደርስ ነበር። ነጥቡን እዚያው፣ በደረቴ ልክ አኖርሁት። ላቦንያ ያን ጊዜ አልሳቀችም። ሽሪሽ ከሞተ ጀምሮ ከአፏ ያልወጣውን የእህቶች ዘፈን ጀመረች፤ እኔም ተከተልኋት። ሾንዴሹን ከነጥቡ ሥር አስቀመጥሁ። «ግድግዳ አይጎርስም፤ አንቺ ብይለት» አለችኝ። የጽጌ ጾም ስለተፈታ ወተቱ አላሳሰበኝም፤ በላሁልህ።

የሃምሳ አንድ ዓመት ሰው ግንባር ደረቴ ላይ መሆኑ ግን ስሕተት ነው፤ እኔ ደግሞ ስሕተት አይቼ ማለፍ አልችልም። ይቅር ካልኸኝ ረጅም ደብዳቤ ለመጻፍ አትድከም። ከተረከዝህ እስከ ግንባርህ በክር ተለካና ክሩን በፖስታ ላክልኝ። የሚመጣው ዓመት ነጥቡን በቦታው አኖረዋለሁ።

አስካለን በአክብሮት ሰላም በልልኝ፤ ክሩን እሷ ትያዘው። ያላየኋቸውን ልጆችህን፣ ሕሊናንና መዝሙርን፣ ግራና ቀኝ ጉንጫቸውን ሳምልኝ። ጎረቤታችን እትዬ ብርቅነሽ በሕይወት ካሉ ጉልበታቸውን ስመህ ስሜን ጥራላቸው። ላቦንያም አንተን ሰላም ብላለች። በልጅነትህ በር መቃን ላይ ስለካህ በእግር ጣትህ እየቆምህ ታታልለኝ ነበር፤ አሁን ተረከዝህ መሬት ይንካ።

እህትህ ዘነበወርቅ

ቻንዳናጋር፣ ኅዳር 8 ቀን 1986 ዓ.ም.