የሁለት ልጆች ጠብታ

እሁድ፣ ማታ
መብራት ዛሬም የለም። ልጄን ሰሚራን ለጠብታዋ ጎረቤቴ ኢብቲሳም ቤት ወስጃት መጣሁ። ከእኛ ሁለት በር አልፎ ነው፤ ሶላር ስላላቸው ፍሪጃቸው አይጠፋም። የኔ የዴም ሰፈር የኪራይ ክፍል ግን እንደ ምድጃ ነው፣ መድኃኒት አይቀመጥበትም። የልጆቹ ብልቃጦች ጎን ለጎን፤ የሷ ልጅ የረያን በቀይ ክር፣ የኔዋ በአረንጓዴ የታሰረ። መግሪብ ተሰግዶ በየአፍንጫቸው ጠብ ይደረጋል። የምታደርግላቸው ኢብቲሳም ናት፤ የኔ እጅ ይንቀጠቀጣል። ያለሱ ሰሚራ ባልዲ ውሃ አይበቃትም፣ ሽንቷም አይቆም።

ረያን ዛሬ አልተነሳችም። እንደተኛች ነው ያደረገችላት። ደብተሬ፣ ፈራሁ።

ሰኞ
ሆስፒታል። ሰሚራ ጨረር ገባች። ዶ/ሩን በተሰባበረ ዐረብኛዬ ያዝኩት። የሁለቱም ዕጢ ጭንቅላታቸው ውስጥ አንድ ቦታ ነው፤ ታዲያ ምነው የረያን ባሰ? አልኩት። ቦታው አንድ፣ ዓይነቱ ሁለት አለኝ። የሰሚራ በጨረር ይሟሟል፤ ሕክምናውን የጨረሱ አብዛኞቹ ይድናሉ። የረያን ድብልቅ ዕጢ ነው፣ የኬሞ መድኃኒቱንም እምቢ ብሏል። ብቻ የሰሚራ ጠብታ እንዳይቋረጥ፤ ሰውነቷ ከደረቀ ጨረሩ ይቆማል፣ ለሕይወቷም ያሰጋል።

አልሐምዱሊላህ አልኩ። ወዲያው አፈርኩ። ማታ ኢብቲሳም ምን አሉሽ ስትለኝ፣ ምንም አልኳት። ወይ ጉድ፣ መልካም ወሬ ያንቃል እንዴ?

ረቡዕ
ረያን ሄደች። ከፈጅር በፊት። ኦምዱርማን ቀበሯት፣ አያቷ ጎን።

አልበረካ ፊኩም፣ አላህ ያጽናችሁ ብዬ ከሴቶቹ ጋር ምንጣፍ ላይ ተቀመጥኩ። ፍሪጁ ፊት ለፊቴ። ለቅሶ ቤት ገብቶ ፍሪጅ መክፈት! ሁለቱንም ብልቃጥ ከካይሮ ያስመጣችው ኢብቲሳም ናት፤ ልጇን ቀብራ መጥታ፣ የኔዋ በሕይወት አለችና መድኃኒቷን አምጪ ልበላት? በምን ዓይኔ አይቻት? ወጣሁ። ፋርማሲውን ሁሉ ዞርኩ። ማፊ። የለም።

ሐሙስ፣ ጠዋት
ሰሚራ ስትጠጣና ስትሸና ነጋ። ከንፈሯ ተሰነጣጥቋል። ዩማ ሞያ፣ እማ ውሃ፤ ሁለቱንም ቋንቋ ጨረሰችው። ጨረር አላስገቧትም። ጠብታውን ካላገኘች ነገም የለም።

ጥፋቱ የኔ ነው። ማታ ብቻዬን ሄጄ ብልቃጡን ለምኜ አመጣለሁ፤ ማቀዝቀዣ በረዶ ከሌላ ጎረቤት አላጣም። ልጄን ግን ኢብቲሳም ፊት አላቆማትም። ልጇን ለቀበረች ግፍ ነው።

ሐሙስ፣ ከመግሪብ በኋላ
ሄድኩ። ብልቃጡን ሳልለምን ከሴቶቹ ጋር ተቀመጥኩ። አዛን ተባለ፣ ተሰገደ። ኢብቲሳም ቀና ብላ አየችኝ። ሰሚራስ? ቤት ናት አልኩ። ትናንት ማን አደረገላት አለች። ማንም። ጮኸችብኝ፣ በዚያ ሁሉ ለቀስተኛ ፊት። አብደሻል? ሂጂ አምጫት፣ የላ፣ ቶሎ!

አመጣኋት። ኢብቲሳም ከምንጣፉ ስትነሳ ሴቶቹ ሊይዟት ቃጣቸው። ፍሪጁን ከፈተች። ባለ ቀይ ክሩን ብልቃጥ አወጣች። የሰሚራ አረንጓዴው ነው ልል አፌን ስከፍት፣ አውቃለሁ አለች። መድኃኒቱ አንድ ነው፣ የረያን ይቅደም። የሰሚራን አገጭ ቀና አደረገች። እጇ ንቅንቅ አላለም። ካደረገችላት በኋላ ነው አቅፋት ያለቀሰችው። ልጄም ታቀፈችላት። እኔ አልቻልኩም፣ በር ላይ ተንሰቀሰቅሁ።

አሁን ሰሚራ ውሃ ሳትጠይቅ ተኝታለች። ብልቃጡን አላመጣሁትም። እዚያው ይቆይ። ነገም መግሪብ ላይ እወስዳታለሁ፤ ጨረሩ እስኪያልቅ፣ ካለቀም በኋላ።