በመስኮት ያየኋት የልጅ ልጄ

ሰኞ

ለሰፈሬ ለዋይት ሴንተር ነዋሪዎች በሙሉ፦ ትናንት የጠፋው የግራ እግር ካልሲዬ ዛሬ ከልብስ ማድረቂያው ውስጥ በሰላም መገኘቱን በታላቅ ደስታ እገልጻለሁ።

ሌላ ዜና። ልጄ ሰላም በምትኖርበት ከተማ ሊንውድ ላይ ሴት ልጅ ተገላገለች። ማቀፍ ግን ክልክል ነው! «አባዬ፣ የትክትክ ክትባት ያልወሰደ ሰው አይነካትም። ከወሰደም በኋላ ሁለት ሳምንት ይጠብቃል።» ክንዶቼ ባዶ ናቸው።

ማክሰኞ

አስናቀች ኮል አደረገች። የሟች ባለቤቴ ጓደኛ ናት፤ ለሰላም ገንፎ የምታገነፋላት፣ በእናቷ ቦታ የምትቀመጥላት እሷ ናት። በዕድራችን የስልክ ግሩፕ የሚዞር የድምፅ መልእክት አሰማችኝ። አንዱ «ክትባቱ የሽማግሌ ልብ ያቆማል» ይላል።

«ማነው ሰውዬው?»

«ዶክተር ነኝ አለ እኮ፣ ጋሼ! እኔ አልወጋም!»

«እኔም ጳጳስ ነኝ። ተባረኪ።»

ጆሮዬ ላይ ዘጋችው። እሷ ከቀረች ሰላም አራስ ቤት ብቻዋን ነች። ቀልዴ አበላሸው ይሆን?

ረቡዕ

ፋርማሲስቷ የኛ አገር ልጅ ናት። መልእክቱን አሰማኋት። «ውሸት ነው፣ አባባ። ክንድዎን ያምዎት ይሆናል። ሕፃኗ የራሷን ለመውሰድ ሁለት ወር ሊሞላት ይገባል፤ እስከዚያ አጥሯ እናንተ ናችሁ።»

ተወጋሁ። አልጮኽኩም። (ትንሽ።)

ሐሙስ

ለአስናቀች ደውዬ ልቤ በሥራ ላይ መሆኑን አበሰርኳት። «ወደዚህ አገር ስንመጣ ለቪዛው ምርመራ ክንዳችንን ሲወጉን፣ ውስጡ ምን አለ ብለሽ ጠይቀሻል?» ሳቀች። እምቢታዋ ግን አልላላም።

ቀልዱን ተውኩት። «ትክትክ አይተሽ ታውቂያለሽ?»

«አይቻለሁ» አለች። ከዚያ የታናሽ ወንድሟን ነገር አወራችኝ። ሲያስለው ከንፈሩ ይጠቁር ነበር፤ እናቷ አየር እንዲያገኝ እያለች ደጃፍ ይዛው ትሮጥ ነበር። አላደገም። ይህን ሁሉ ዘመን ስንተዋወቅ፣ ወንድም እንደነበራት አላውቅም።

«ሶ... እሺ፣ ፋርማሲው ነገ ስንት ሰዓት ይከፈታል?» አለች።

ዓርብ

ተወጋች። ማታ ግሩፑ ላይ ድምፅ ላከች፦ «እኔ ዶክተር አይደለሁም፤ አስናቀች ነኝ። ዛሬ ተከትቤአለሁ፤ ክንዴን አሞኛል፤ አለሁ። አራስ ልትጠይቁ የምትሄዱ፣ መጀመሪያ ተከተቡ።» አንዳንዱ አመሰገነ፣ አንዱ ደግሞ ያንኑ «ዶክተር» መልሶ ላከው።

ቅዳሜ

አስናቀች እየነዳች ሊንውድ ወሰደችኝ። ገንፎውን በር ላይ አስቀምጠን በአንድ ጃንጥላ መስኮቱ ሥር ቆምን። ሰላም ልጅቷን ከፍ አደረገችልን። አስናቀች እልል ስትል የጎረቤት ውሻ ተቀበላት። እጄን መስታወቱ ላይ አሳረፍኩ፤ ይቀዘቅዛል። ሕፃኗ ዓይኗን ገልጣ አየችኝ፤ ፈገግም አለችልኝ።

እሺ፣ ፈገግታውን የጨመርኩት እኔ ነኝ። ዓይኗንም አልገለጠችም። ተኝታ ነበር፤ ያየሁት ቆቧን ብቻ ነው።