የባሌ እህት ፈቃድና የእኔ ፈቃድ

ለተከበሩ የንግድ ምዝገባና ፈቃድ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰንብተዋል እላለሁ። ጤናዎ ይብዛልኝ፤ ማኅተም የሚያነሳውን እጅዎንም ድካም አያግኘው፤ በእኔ ጉዳይ ብዙም ስላልደከመ ብርታቱን አልጠራጠርም።

ክቡርነትዎ፣ ይህን በአደባባይ የምጽፍልዎ ዳቦ ቤት ልከፍት ተነስቼ፣ ሕግ አክባሪነቴ የቤቴን ሰላም ሊያሳጣኝ ስለደረሰ ነው። ከእኔ ኋላ ያመለከተችው የባሌ እህት ከመንገዱ ማዶ ዳቦዋን እየቸበቸበች ነው። ጥርሷ ስለማይከደን ሰፈሩ «ሳቂታዋ» ይላታል። በቅናት ነው የምትጽፈው የሚል ቢኖር አልሟገተውም፤ ምስጋናዬን ግን እንዳቀርብ ይፈቀድልኝ።

፩. የንግድ ስሜን «ትኩስ ዳቦ» ብዬ ላስመዘግብ ብመጣ፣ ቃሉ የሕዝብ ስለሆነ ለአንድ ሰው እንደማይሰጥ ጸሐፊዎ በትሕትና አስተማሩኝ። የሳቂታዋ ሰሌዳ «በጣም ትኩስ ዳቦ» ይላል። ለካስ «በጣም» ባለቤት አልነበረውም።

፪. የኪራይ ውሌ በሕግ ፊት እንዲረጋገጥ አዘዙኝ፤ የአፍ ውል ነገ ይካዳልና ልክ ነዎት። አሮጊቷን አከራዬን ደግፌ ደረጃውን አወጣኋቸው። እጃቸው ስለተንቀጠቀጠ ፊርማቸው አይመሳሰልም ተባለ። የማዶውም ቤት የእሳቸው ነውና፣ እኚሁ ሴትዮ፣ በዚሁ እጃቸው፣ ለሳቂታዋ ፈርመው አለፈላት።

፫. ተቆጣጣሪዎ መጥተው፣ የዳቦ ቤቴ በር ወደ ውስጥ ስለሚከፈት እሳት ቢነሳ ሰው አይወጣም አሉ። እውነታቸውን ነው፤ አናጺ ጠርቼ አስገለበጥኩት። ሳቂታዋ ጭራሽ በር አላስገጠመችም ነበርና፣ «በሌለ በር ላይ ጉድለት አይገኝም» ብለው፣ ዳቦዋን እየገመጡ ሄዱ።

ለቀጣዩ ቁጥር አልሰጠውም፤ የሕግ ጉዳይ አይደለምና። ባለፈው እሑድ ባለቤቴ የእህቱን ዳቦ በጉያው ይዞ ገባ። ልጆቼ ተሻሙበት። አልበላም ብዬ ስኮራ ቆየሁና፣ ጓዳ ገብቼ ቁራሹን ቀመስኩ። ጥሩ ነበር፤ ይቅር ልልዎ ያልቻልኩት ይህንን ነው።

ማኩረፌን የሰማችው ሳቂታዋ በማግስቱ መጥታ፣ «እቴ፣ ምን ያስኮርፍሻል? ተነሺ አብረን እንሂድ» ብላ እጄን ይዛ ቢሮዎ አመጣችኝ። እሷ ሳቀች፤ እርስዎም ሳቁ፤ ፈቃዴ እዚያው ቆሜ ወጣልኝ። ብቻዬን ስመላለስ ጥርስዎን ለማየት እንኳ አልታደልኩም ነበር። ሕጉን አሟልቼ ያጣሁትን በፈገግታዋ አስገኘችልኝ፤ ከእንግዲህ እንደ ልቤ እንኳ ልጠላት አልችልም። ስለዚህም ውለታዎ እጅግ አመሰግናለሁ።

በፍጹም አክብሮት፣ ደጅዎን በመጥናት ትዕግሥትን የተማርኩ፣
የሳቂታዋ ወንድም ሚስት

ማሳሰቢያ፦ ቤቴ ገብቼ ፈቃዱን ባነበው፣ ፎቶው የእኔ፣ ስሙ የሳቂታዋ ሆኖ አገኘሁት። እንዲታረም ብጠይቅ፣ ማመልከት የሚችለው ስሙ በፈቃዱ ላይ የተጻፈው ሰው ብቻ ነው ብለውኛል።